ከ“ሲስተር” ወደ “አንቺ”

ቆቦ ግንቦት ላይ የሚኬድበት አገር አይደለም። ይህን የሚሉት ራሳቸው ቆቦዎች ናቸው። እኔ ግን በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ሄድኩ፤ የእህቴ ተዝካር ነበር። ከወልዲያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ሜዳው ላይ ሲደረስ ፀሐዩ ከላይም ከታችም የሚመጣ ይመስላል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ በአቧራ ተሸፍኖ እንደ ጥላ ይታያል። ገበሬው ለማሽላው ሰማይ ሰማይ ያያል። ጦርነቱ ካለፈ ገና ወራት ስለሆነው፣ ሰው ሁሉ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው “ማን ተረፈ?” ነው፤ ከዚያ ነው ስለ ዝናብ የሚወራው።

የተዝካሩ እንግዳ ተሸኝቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ግቢው ውስጥ ነፋስ ፍለጋ ቁጭ ብለናል። የእህቴ ልጅ ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ አወጣች። ለአባቷ መስሎኝ ነበር። የራሷን ክንድ ጠቅልላ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ዓይኗን ጨፍና ለካች።

“ስንት ነው?” አልኳት።

“ይተዉት ጋሼ።”

“ስንት ነው አልኩሽ እኮ!”

“165 በ105።”

ዕድሜዋ 38 ነው። አታጨስም፣ አትጠጣም፣ ወፍራምም አይደለችም። መድኃኒት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ነርሲንግ ማስተማር ነው። ግፊት እንዴት እንደሚለካ፣ ሲጨምር ምን እንደሚደረግ ለስንትና ስንት ወጣት ያስተማረች ሴት ናት። ሐኪሙ ሥራዋን ጠይቋት ስትነግረው፣ “ጭንቀት ቀንሺ” ብሎ ሸኛት። እሷም ይህንኑ ምክር ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ እንደሰጠች አስባ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስብሰባ ነው። ያስተማረችበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፤ ቆቦ አለመሆኑ ብቻ ይታወቅልኝ። ሠላሳ ተማሪ ለአንድ መምህር ተሰጥቶ ዋርድ ውስጥ ልምምድ እንዴት ይሆናል፣ በሽተኛውስ ሰው አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። የክፍሉ ኃላፊ ሴት ናት፤ ራሷም ነርስ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስብሰባ ሁሉም እርስ በርሱ “ሲስተር እገሊት፣ እርስዎ” ነው የሚባባለው። ኃላፊዋ ቀና አለችና፣ “አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ! ማን ነሽና ነው?” አለቻት። የተወሰኑት ሳቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ “ሐሳብ ተሰጥቶበት ታለፈ” ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ስትነግረኝ እንደ ምስክር አንድ በአንድ ነበር የምትቆጥረው። ሻይ ክበብ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሰላም ስትል አንገት ይዞራል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረችው ኮርስ ያለ ምክክር ለሌላ ይሰጣል። አበል ያለው ሥልጠና ሲመጣ ስሟ ዝርዝሩ ላይ ተረስቶ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን መርሳት ነው፣ አራት ጊዜ ተረሳች። ተማሪ ፊት ያስተማረችው “ማነው እንዲህ ያላችሁ?” ተብሎ ይታረማል። እንቅልፍ ጠፋ። ራስ ምታት መጣ። ጨጓራ መጣ። እሑድ ማታ ሲሆን ልቧ መምታት ይጀምራል፤ ሰኞ ስለሚመጣ።

“ማንም አልመታኝም ጋሼ። እንደ ሰው አፍ አውጥቶም የሰደበኝ የለም። ክስ ልጻፍ ብል ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ‘ሰላም አላለችኝም’ ብዬ?”

እኔ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቃሉ ነው (በሽታዬ ነው)። ፈረንጆቹ አንድ ጠቅላላ ስም ሰጥተውታል። በአማርኛ ግን ለዚህ ነገር አንድ ስም የለንም፤ መዓት ስም ነው ያለን። ማመናጨቅ አለ፣ መገላመጥ አለ። ማሸሞር፣ ማሽሟጠጥ፣ ማንጓጠጥ፣ ነገር መወርወር፣ ፊት መንሳት፣ ማኩረፍ፣ ማግለል። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስልት አላቸው። ብዙ በረዶ የሚያይ ሕዝብ ለበረዶ ብዙ ቃል አለው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እሱ እንኳ ያከራክራል። የእኛ ግልምጫ ግን አያከራክርም።

ከሁሉም የገረመችኝ “አንቺ” ናት። እኔ ራሴ የእህቴን ልጅ ያን ቀን ሙሉ “አንቺ” ስላት ነው የዋልኩት። ከእኔ ሲመጣ ፍቅር ነው፤ “እርስዎ” ብላት ትደነግጥ ነበር። ያችው ቃል ከኃላፊዋ አፍ ስትወጣ ጥፊ ሆነች። የሌላ አገር አለቃ ለመናቅ ብዙ ቃል ማባከን ያስፈልገው ይሆናል። የእኛ አለቃ ግሱን ከ“ይቀመጡ” ወደ “ቁጭ በይ” ማውረድ ይበቃዋል። ማስረጃ የለ፣ ምልክት የለ።

ለመሆኑ ይሄ ከየት መጣ? ሰው ማስታመም ሙያዬ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ባልደረባውን ማሳመም ከየት ተማረ?

የሩቁን ልጀምር። ዘመናዊው የነርስ ትምህርት አባት የለውም፣ እናት ግን አለችው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት መልስ እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። የዘመኑ የነርስ ትምህርት ሥርዓቱን ከሁለት ቦታ ነበር የወሰደው፤ ከጦር ሰፈርና ከገዳም። መኝታ በሰዓት፣ ልብስ በመልክ፣ ታዛዥነት ያለ ጥያቄ። “ሲስተር” የሚለውም ማዕረግ ከእህተ ማርያሞቹ ጋር ዝምድና ያለው ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታል የዋርዱ አዛዥ ናት ሲስተር፤ ታናናሾቹ ድምጿን ሰምተው የሚሸሹ። ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ለሁሉም ሴት ነርስ ተሰጠ፤ የእናት ልጅ እህትም መሰለ። ወንዱን ነርስ የገጠር ሰው “ዶክተር” ይለዋል። እሱም አያርምም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ይህ የራያ ምድር ለነርስነት ታሪክ ባዕድ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የካቲት የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን በዶክተር ጆን ሜሊ መሪነት ከቆቦ በስተሰሜን፣ ቆረም አጠገብ ድንኳን ተክሎ ቁስለኛ ያክም ነበር። የካቲት 25 ቀን የጣልያን አውሮፕላን መጥቶ ቀይ መስቀሉ በግልጽ እየታየ ቦምብ ጣለበት። ወር ሳይሞላ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሜሊም ግንቦት ሳይገባ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ በዝርፊያው ሰሞን በጥይት ተመትቶ ሞተ። እንዲህ ባሉ ድንኳኖች ውስጥ ውኃ የሚያፈሉ፣ ቁስል የሚያጥቡ፣ በሽተኛ የሚሸከሙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኋላ “ድሬሰር” የተባለው ሙያ ሥሩ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ስሙን ማንም አልጻፈውም። የመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ቆሞ ነው ሕክምናን ያየው።

የላይኛው እርከን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመዘገበች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ገበታ ታነሳለች ማለት ለዚያ ዘመን መኳንንት የሚዋጥ አልነበረም። ካገሯ ከተመለሰች በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ነርስነት እንግዲህ አገራችን ውስጥ ሁለት እናት አለው፤ ልዕልቲቱና ስሙ ያልተጻፈው ድሬሰር። ብዙ ጊዜ የማስበው፣ ያንን ሙያ የያዘ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሁለቱን በውስጡ ያጣላል ብዬ ነው። ልዕልት ነኝ እንዲል ደመወዙ አይፈቅድለትም። ድሬሰር ነኝ እንዲል ዲግሪው አይፈቅድለትም።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ተከፈተ። የደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሰው ከጨረሰ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ ነበር ሐሳቡ። ግሩም ሐሳብ ነው። ግን ቡድኑ ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የውጭ አገር አስተማሪዎች የራሳቸውን የዋርድ ሥርዓት ይዘው መጡ፤ ዶክተር ሲገባ ተነሱ፣ ሲናገር ጻፉ። እኛ ደግሞ ያንን ለመቀበል ዝግጁ ነበርን። ደጅ ጥናትን የፈጠረ ሕዝብ አይደለን? ቤተ መንግሥት በር ላይ ዓመት ቆሞ በግልምጫ ተመልሶ፣ ሹመት ሲያገኝ ሌላውን በር ላይ የሚያቆም። የኔታም ቢሆኑ አርጩሜያቸውን ከጎናቸው ሳያኖሩ ፊደል አላስቆጠሩም። (የኔታን በጣም ነው የምወዳቸው፤ እውነቱ ግን ይሄው ነው።)

በዚህ ላይ ደርግ መጣ። ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር አመጣ። በውይይት ክበብ ሰው ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል፣ ሌሎቹ ይጨምሩለታል። ኢሕአዴግ ከበረሃ ግምገማን ይዞ ገባ። እዚያ በትግል ሜዳ ለምን እንደጠቀመ የሚያውቁት ያውቃሉ። መሥሪያ ቤትና ኮሌጅ ሲገባ ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድን የሥራ አካል አደረገው። ቀድሞ ሰው የሚናቀው በአለቃው ነበር፤ አሁን በእኩያው፣ በታናሹ፣ በተማሪውም ሆነ፤ ያውም በአጀንዳ ተይዞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት። ከዚያ የጤና ትምህርት ሲስፋፋ፣ ኮሌጅ በየከተማው ሲከፈት፣ ትናንት የተመረቀው ዛሬ አስተማሪ፣ ነገ ኃላፊ ሆነ። እንዴት ማስተዳደር እንዳለበት ማን አስተማረው? ያየውን ደገመ።

ስለ ሌላ ሰው ስጽፍ ብዕሬ ፈጣን ነው። እዚህ ላይ ግን ዘገየብኝ። እኔም በአንድ ግምገማ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስሙን በማልጠራው ተቋም፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። አንድ ወጣት ረዳት መምህር ስለ ትምህርት ክፍላችን አሠራር ተናገረ፤ ያለው ነገር ትክክል ነበር። እኔ ግን ቃል የማያጣኝ ሰው ነኝ። “አንተ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገርህን ጨርስና ክፍሉን ታስተካክላለህ” አልኩት። ልጁ ትንሽ የመንተባተብ ነገር ነበረበት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እጁ ላይ የያዛት ወረቀት ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዓመቱ ለቀቀ። እኔ ይህን ነገር እንደ ቀልድ ለብዙ ዓመት ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ እንኳን ልረሳው አጊጬበታለሁ።

“ቃል ምን ያደርጋል፣ አጥንት አይሰብር” የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። የሚያደርገውን የለኩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት አለ። 24 የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ቡድኖች፣ ሐኪምና ነርስ ተቀላቅለው፣ ለልምምድ በተዘጋጀ የታመመ ሕፃን ላይ ሥራቸውን እንዲያሳዩ ተደረገ። ከውጭ አገር መጣ የተባለ ባለሙያ ይመለከታቸዋል። ለግማሾቹ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም። ለግማሾቹ ግን ስለ አገሩ ሕክምና ጥራት የሚያንጓጥጥ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገ፤ ስድብ እንኳ የማይባል። የተንጓጠጡት ቡድኖች በሽታውን በመለየትም፣ በእጅ ሥራቸውም ወደኋላ ቀሩ። እርስ በርስ መነጋገር ቀነሱ፣ እርዳታ መጠየቅም ተዉ። እንግዲህ ይህ አሻንጉሊት ነው። ሕፃኑ እውነተኛ ቢሆንስ ኖሮ?

ስለ ሰውነትም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው የኋይትሆል ጥናት፣ አለቃችን በፍትሕ ያየናል ያሉት ወንድ ሠራተኞች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካላሉት ያነሰ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይቷል። አሠራሩን የእህቴ ልጅ ራሷ አስረዳችኝ። ሰውነት አንበሳንና ግልምጫን አይለይም። ለሁለቱም ያንኑ ቅመም ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። አንበሳው ግን ወይ ይበላሃል ወይ ይሄዳል። የክፍል ኃላፊ በየሰኞው ትመለሳለች።

ነርሶቹም ራሳቸው ያውቁታል። አሜሪካዊቷ ጁዲት ማይስነር ነርሶች የገዛ ልጆቻቸውን ይበላሉ ወይ ብላ እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፈችው ጽሑፍ ነገሩን አደባባይ አውጥታዋለች። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሐዋሳ ጥናት፣ ከአሥር ነርሶች ሦስቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ቦታ ላይ ጥቃት እንደደረሰባቸው ዘግቧል። በሰላምታ ስለተነፈገችው መምህርት ግን ማን ይቆጥራል?

ያን ማታ ከእኛ ጋር የተቀመጡ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ። ራያ ቆቦ ውስጥ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ፤ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል። ሰው የሞተበትን ወገንና የገደለውን ወገን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ እነሱ ያስቀምጣሉ። ሽማግሌው የልጅቷን ነገር ጸጥ ብለው ሰሙና ጠየቋት።

“በሰው ፊት ነው ያለችሽ?”

“አዎ አባ።”

“ስንት ሰው ነበረ?”

“ሃያ ሁለት።”

“እንግዲያ ካሱም በሃያ ሁለት ሰው ፊት ነው” አሉ። ሌላ አላሉም። ቀጥለው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

እኔ ይህ ፍርድ አስደነቀኝ። የመሥሪያ ቤት ደንብ ስድብን ከመዘገበ የሚመዘግበው በቃሉ ክብደት ነው። እሳቸው የመዘኑት በሰሚው ቁጥር ነው። ንቀት ምን እንደሆነ ከእኛ ከተማርን ከምንባለው ይልቅ ገብቷቸዋል።

ጦርነቱን ሳላነሳ ብቀር ግን ታሪኩ ይጎድላል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ጳጉሜን 4 ቀን ከተማዋ ውስጥ ሲቪሎች መገደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በስፋት ዘግቧል። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሸሽታ ደሴ ደርሳ፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበረች። እናቷ ቆቦ ቀርታለች፣ ስልክ የለም። አጠገቧ ወለል ላይ የምትተኛው ማን መሰለቻችሁ? ያቺው ኃላፊ።

“ጋሼ፣ ያኔ ጥሩ ሰው ነበረች” አለችኝ። “ሌሊት ሳለቅስ ሰምታ ጋቢዋን ደርባልኛለች። ዳቦ ስታገኝ ለሁለት ነበር የምትቆርሰው። ሕፃናት ተቅማጥ ሲይዛቸው ሁለታችን ነን ጨውና ስኳር በጥብጠን ስናጠጣ የምናድረው። ‘የኔ እህት’ ነበር የምትለኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ተመለስን። ኮሌጁ ተከፈተ። ቢሮዋ ገባች።”

መጀመሪያ ሳምንት ላይ ኮሪደር ውስጥ ተገናኙ። ልጅቷ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ፋይሏን አገላብጣ አለፈች። መድኃኒት የጀመረችው በዚያው ወር ነው። ከቦምቡ ይልቅ ያቺ ኮሪደር ነች ያሳመመችኝ ብትለኝ መጀመሪያ አላመንኳትም ነበር። አሁን ግን ይገባኛል። ጠላት ነው ብለህ የምታውቀው ሰው ቢንቅህ አንድ ነገር ነው። ጋቢ ያለበሰችህ ሴት ስትሆን፣ ደግ መሆን እንደምትችል ታውቃለህ፤ እንግዲህ ላንተ ነው የከለከለችው። ሴትዮዋንም ግን ክፉ ናት ብዬ ለመዝጋት አልቻልኩም። ያ ቢሮ ከመቶ ዓመት በላይ የተከመረ ነገር አለበት፤ የገባው ሁሉ ይለብሰዋል። እኔም ለብሼዋለሁ፣ ያውም ቢሮ ሳይኖረኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የዚያን ረዳት መምህር ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ስደውል ድምፁን ወዲያው አወቅሁት፤ መንተባተቡ አሁንም አለ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። “እርስዎ ነዎት እንዴ?” አለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ መደወሌን ነገርኩት፤ ነገሩንም አስታወስኩት። እሱ ማስታወስ አላስፈለገውም። ቀኑን፣ ክፍሉን፣ ማን ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደነበረ ጭምር ነገረኝ። ከዚያ፣ “እዚያ ቤት ውስጥ ግን አሥራ ስምንት ሰው ነበረ፤ አሁን የደወሉልኝ ለእኔ ብቻ ነው” አለኝ። የቆቦውን ሽማግሌ አያውቃቸውም። ከአሥራ ስምንቱ አራቱ ሞተዋል። የቀሩትን ስልክ እያፈላለግሁ ነው፤ እስካሁን ሰባት አግኝቻለሁ።

የእህቴ ልጅ መስከረም ላይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሻንጣዋን ስትሸክፍ ሁለት የግፊት መለኪያ አየሁ። አንዱ ለተማሪዎቹ ነው አለችኝ።